የመኪናው ካርታና የእጁ ካርታ፦ ደቡብ ኦሞን ማን መራው?

ከአዲስ አበባ ወደ ጂንካ የሚበር ሰው ቲኬቱን ልብ ብሎ ቢያይ የመድረሻው መለያ በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፎ ያገኘዋል፤ ቢ፣ ሲ፣ ኦ። ከጂንካ ስም ጋር አንድም ፊደል አይጋሩም። ፊደላቱ የባኮ ናቸው። ባኮ የምኒልክ ጦር ደቡቡን ከያዘ በኋላ በአሪ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የጦር ከተማ ነበረች። አስተዳደሩ ወደ ጂንካ ከወረደ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ስሟ ግን መጀመሪያ በአውራጃው ላይ ቆየ፤ ገለብና ሐመር ባኮ። ቀጥሎ በወረዳው ላይ፤ ባኮ ገዘር። ዛሬ ወረዳውም ተከፋፍሎ ስሟ ከመዝገብ ሲወጣ በአውሮፕላን ቲኬት ላይ ተርፏል።

አሁን ይህን ስም መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ በተገጠመ ካርታ ላይ ጽፎ "ውሰደኝ" የሚል እንግዳ ሹፌር እናስብ። ካርታው ኢትዮጵያን የሚያውቅ ከሆነ (አብዛኛው አያውቅም፣ እንደርስበታለን) ሊወስደው የሚችለው ወደ ሌላኛዋ ባኮ ነው፤ በነቀምት መንገድ ላይ ወዳለችው፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ወደምትታወቀው የምዕራብ ሸዋ ባኮ። ገዘር ብሎ ቢፈልግም ብዙ አይሻለውም። ስሟ በአማርኛ ገዘርም ጋዘርም እየተባለ ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው፤ በአንደኛው አጻጻፍ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጌዝር ጋር ፊደል በፊደል አንድ ትሆንና እስራኤል ውስጥ ያለ የቁፋሮ ስፍራ ታሳያለች። ነገሩ ያስቃል። ከአሪ ቀበሌዎች ምጥ የያዛት እናት ወደ ጂንካ ሆስፒታል እንዲያወርድ ትናንት ለተቀጠረ የአምቡላንስ ሹፌር ግን አያስቅም።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን "ጂፒኤስ" በሚል አንድ ስም ከመጥራት ነው። አንደኛው ቦታን ማወቅ ነው። ከምድር ወደ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች የሰዓት ምልክት ይልካሉ፤ ቢያንስ የአራቱን ምልክት የያዘ መቀበያ የቆመበትን ኬንትሮስና ኬክሮስ ያሰላል። ይህ አገልግሎት ለቶኪዮም ለገዘርም እኩል ነው። ክፍያ የለውም፤ ብዙ ሰው የማያምነው ቢሆንም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ሁለተኛው ካርታው ነው። ካርታ ሰው የሚሠራው፣ ባለቤት ያለው፣ የሚሸጥ፣ የሚያረጅ ነገር ነው። መኪና ውስጥ የተቀበረው መሣሪያ በእጅ ከሚያዘው የሚለየው ሳተላይት በማየት ችሎታው አይደለም። የሚለየው ካርታው ሲያረጅ ማን ይቀይረዋል በሚለው ነው። በደቡብ ኦሞ ታሪክ ደግሞ ሰው ያደረሰው ሁልጊዜ በእጅ የሚያዘው፣ አጠገቡ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያለው መሣሪያ ነው።

ታሪኩን ከመኪና በፊት መጀመር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1888 የሃንጋሪው ካውንት ሳሙኤል ቴሌኪና የኦስትሪያው የባሕር ኃይል መኮንን ሉድቪግ ፎን ሄኔል ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነስተው ወደ ሰሜን ተጉዘው ኦሞ ከሚገባበት ትልቅ ሐይቅ ደረሱ። ሐይቁን በአገራቸው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አሉት፤ በስተምሥራቅ ያገኙትን ሌላውን በአልጋ ወራሹ ሚስት ስም ስቴፋኒ አሉት። አልጋ ወራሹ ዓመት ሳይሞላ ሞተ፤ ስሙ ግን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ቱርካና ብላ እስክትቀይረው ድረስ በካርታ ላይ ቆየ። ስቴፋኒ የተባለው የእኛው ጨው ባሕር ነው። ቴሌኪ ሲደርስ ውኃ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የሚሰነጠቅ የጨው ሜዳ ነው። ካርታዎች እስካሁን ሰማያዊ ቀለም ይቀቡታል። መኪናውን በዚያ ደረቅ ሜዳ የሚነዳ ሰው መሣሪያው ሐይቅ መሃል እየዋኘ እንደሆነ ሊያሳየው ይችላል።

ቀጥሎ የመጣው ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በዘመኑ አውሮፓ ውስጥ የሚያከራክር ጥያቄ ነበር፤ ኦሞ ወዴት ይፈስሳል? ወደ ዓባይ ነው ያለ አለ፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ነው ያለ አለ። ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 ወንዙን ተከትሎ ወርዶ ሩዶልፍ ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። ዳሰነቾች ከወንዙ አፍ ላይ የሚኖሩ ናቸውና ይህ ለእነሱ ግኝት አልነበረም። ለጣልያን ካርታ ሠሪዎች ግን ወንዙን "ኦሞ ቦቴጎ" ብለው እስኪጠሩ ድረስ ትልቅ ነገር ሆነ። ሰውየው ራሱ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በአድዋ ማግስት ጣልያን ምን ያህል እንደተዋረደች ሳያውቅ በወለጋ በኩል ሊያልፍ ሲል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1897 ተገደለ። ፀሐይንና ከዋክብትን ለክቶ የቆመበትን ቦታ የሚነግረው መሣሪያ ነበረው፤ የቆመበት አገር ምን እንደሆነበት የሚነግረው ግን አልነበረውም።

የሦስተኛው ታሪክ ከእኛ ወገን ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነስተው የአጼ ምኒልክን ወሰን እስከ ሐይቁ ለማድረስ ሲዘምቱ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች አብሯቸው ነበር (በኋላ መንኩሶ አባ አንቶኒ የተባለው ያው ሰው ነው)። ቡላቶቪች በየሰፈሩ መሣሪያውን እየተከለ ፀሐይን ይለካ፣ ቦታውን ያሰላ፣ ካርታውን ይሥል ነበር። ሠራዊቱን ውኃና መሻገሪያ የሚያሳዩት ግን በየደረሰበት የሚያዙ ያገሬው ሰዎች ነበሩ። ዘመቻው ኦሞ ሐይቁን በሚገናኝበት አካባቢ ደርሶ ሰንደቅ ተተከለ። ቡላቶቪች በካርታው ከሩሲያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሜዳሊያ አገኘ፤ መንገድ ያሳዩት ሰዎች ስም አልተመዘገበም። ሥራው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሁለት የተከፈለ ነው። መሣሪያው የት እንዳለህ ይነግርሃል፣ እንዴት እንደምትደርስ የሚነግርህ ሰው ነው።

መንግሥት አገሩን በሙሉ በዘመናዊ ካርታ ለማንሳት የተነሳው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከአሜሪካ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ከአውሮፕላን ፎቶ ተነሳ፣ በሄሊኮፕተር ተራራ አናት ላይ እየተወጣ ተለካ። ከዚያ ሥራ የተወለዱት የካርታ ሥራ ድርጅት ሉሆች አሁንም የመሐንዲሶች መነሻ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የእነዚያ ካርታዎች ልኬት መነሻ "አዲንዳን" ይባላል። አዲንዳን በግብጽና በሱዳን ድንበር ላይ የነበረች የኑቢያ መንደር ናት፤ የአስዋን ትልቁ ግድብ ሲሠራ ነዋሪዎቿ ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፣ መንደሯም በሐይቁ ሥር ሰጠመች። የኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ርቀታቸው የተቆጠረው ውኃ ከዋጣት መንደር ነው ማለት ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው መነሻ ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ አገር መቶ ሜትርን ያልፋል። ስለዚህ ያንን ልዩነት ሳያስተካክል የድሮውን ሉህና አዲሱን መሣሪያ አጠገብ ለአጠገብ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ገደል ውስጥ ነህ ይባላል። በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ውስጥ ይህን የሚያስተካክል ምርጫ አለ፤ አዲንዳን የሚለው ስም በዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። መኪና ውስጥ የተቀበሩት ግን ሹፌሩ እንዲህ ያለውን ምርጫ እንዲነካ አይፈቅዱም።

ጂፒኤስ ሲጀመር የአሜሪካ ጦር ንብረት ነበር። ለሲቪል አገልግሎት እንደሚለቀቅ ፕሬዚዳንት ሬጋን ቃል የገቡት አንድ የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ሶቪየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ በመግባቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1983 ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። ማጄላን የተባለው ኩባንያ በእጅ የሚያዝ መቀበያ ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን ዋጋው 3 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ጦሩ ግን ለሲቪሉ የሚሄደውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። ማዛባቱ የቆመው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000) ነው። በአንድ ሌሊት ስህተቱ ወደ አሥርና ሃያ ሜትር ወረደ። ከዚያች ቀን በኋላ ኪስ የሚገባ የጋርሚን መሣሪያ የያዘ የጤና፣ የውኃ ወይም የመሬት ባለሙያ የአንድን ምንጭ፣ የአንድን ጤና ኬላ ቦታ በቁጥር ጽፎ መመለስ ቻለ። መሣሪያው ስለ አሪም ሆነ ስለ ሐመር ምንም ካርታ ላይኖረው ይችላል። አስፈላጊም አልነበረም። የሄደበትን መንገድ ነጠብጣብ እያደረገ ይመዘግባል፤ ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ነጠብጣብ ተከትሎ ይሄዳል። ትናንት የተኬደበት መንገድ ራሱ ካርታ ሆነ።

መኪና ውስጥ የተገጠመው ካርታ አመጣጡ ሌላ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1981 ሳተላይት ሳይኖር የመኪናውን ዙረት በጋዝ ጋይሮስኮፕ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ሹፌሩ የከተማውን ካርታ የያዘ ብርሃን አሳላፊ ሉህ ስክሪኑ ላይ ያስገባል፣ ከሉሁ ሲወጣ ሌላ ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤታክ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ካርታውን በቴፕ ካሴት አድርጎ ሸጠ። ኤታክ የሚለው ስም የተወሰደው ከፓስፊክ ደሴቶች መርከበኞች ነው፤ እነሱ ታንኳቸው ቆማ ደሴቶቹ ወደ ኋላ እየሄዱ እንደሆነ አድርገው በማሰብ ያለ አንዳች መሣሪያ ውቅያኖስ ያቋርጡ ነበር። ኩባንያው ስሙን ከዚያ ቢወስድም ካርታው የአሜሪካ ከተሞች ብቻ ነበር። ጂፒኤስ ከፋብሪካ የተገጠመለት መኪና እ.ኤ.አ. በ1990 በማዝዳ ኩባንያ ጃፓን ውስጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሲዲ፣ ዲቪዲ፣ ሃርድ ዲስክ፣ የካርታ ካርድ እያለ ሄደ። ሐሳቡ ግን ያው ነው። አንድ መኪና፣ አንድ አገር፣ አንድ ካርታ። መኪናው ድንበር ተሻግሮ ሁለተኛ ባለቤት ሊያገኝ እንደሚችል የታሰበ አይመስልም።

ተንቀሳቃሹ በዚህ መካከል እየቀለለ ሄደ። ቶምቶም እ.ኤ.አ. በ2004 መስታወት ላይ የሚለጠፍ፣ ከመኪና መኪና የሚዛወር መሣሪያ አወጣና አውሮፓን አጥለቀለቀ። የእሱም ዕድሜ አጭር ነበር። ጥቅምት 18 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2009) ጉግል በስልክ ላይ ነጻ የመንገድ መምሪያ እንደሚሰጥ ሲያሳውቅ የጋርሚንና የቶምቶም አክሲዮን በአንድ ቀን ከአሥር በመቶ በላይ ወረደ። ስልክም ቢሆን በእጅ የሚያዝ ነው። ተሸናፊው መሣሪያው እንጂ ተንቀሳቃሽነቱ አልነበረም።

ወደ አገራችን መንገድ እንመለስ። ኢትዮጵያ ለመኪና ሁለተኛ ባለቤት ናት፤ አንዳንዴም ሦስተኛ። ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ አገልግሎ የመጣ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ስክሪን ቶኪዮንና ኦሳካን ያውቃል። ቋንቋው ጃፓንኛ ነው። መካኒክ ባትሪ ሲነቅል ብዙዎቹ ይቆለፉና የመጀመሪያውን የካርታ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ካርዱ ጃፓን ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ያ ስክሪን ሰዓት እንኳ አያሳይም። ሬዲዮውም ከዚያው ወገን ነው። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ የተሠራ ስለነበር 97.1ን፣ ፋና 98.1ን ወይም ሸገር 102.1ን ለመስማት ባለቤቱ መለወጫ ማስገጠም ነበረበት። የሚገርመው ሬዲዮው መድኃኒት ተገኘለት፣ ካርታው አልተገኘለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሬዲዮውን ሞገድ ለመቀየር አንድ ትንሽ ዕቃ ይበቃል። ካርታውን ለመቀየር ግን አንድ ኩባንያ ኢትዮጵያን በሙሉ ለክቶ ለዚያ ስክሪን በሚስማማ መንገድ ማሳተም ይኖርበታል፤ ገበያ የለውም ብሎ አይሠራውም።

እዚያው ጃፓን የተሠሩት እንኳ አርጅተው መያዣ መጨበጫ አጥተዋል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንትን የሚቆጥሩት እስከ 1,024 ብቻ ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ሲመለስ ያልታደሱ መሣሪያዎች ቀኑ ጠፋባቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ደግሞ የአንዳንድ ሆንዳና አኩራ መኪኖች ሰዓት በአንድ ሌሊት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ 2002 ላይ ቆመ። ሞተሩ ሌላ ሃያ ዓመት ይሠራል፤ አብሮት የተቀበረው ኮምፒዩተር ግን ቀድሞት ሞተ። ይህ የሚጎዳው መኪናን እስከ መጨረሻ ኪሎ ሜትሩ የሚነዳ እንደ እኛ ያለውን አገር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ቶሎ ተፈታ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ሃይብሪድ ዲዛይንስ ራይድን ሲያስጀምር፣ ሹፌሩ የሚመራው በ8294 በሚመጣ ጥሪና በስልኩ ስክሪን እንጂ በዳሽቦርዱ አልነበረም። የሞተው ስክሪን ከመሪው አጠገብ እንዳለ ስልክ መያዣ ተገጠመበት። ጎዳናው ስም ባይኖረውም፣ ቤቱ ቁጥር ባይኖረውም፣ በመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ "ከማደያው ዝቅ በል፣ ቀይ በር ነው" የሚል ድምፅ በዚያው ስልክ ይሰማል። ቡላቶቪችም ያለ እንዲህ ያለ ድምፅ ሐይቁ አይደርስም ነበር።

ደቡብ ኦሞ ግን አዲስ አበባ አይደለም። ከኮንሶ በወይጦ፣ በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ እስኪደርስ አስፋልት ነው፤ እዚያ ላይ መንገድ የሚጠፋው ሰው የለም። ከቀይ አፈር ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ፣ ከጂንካ ወደ ማጎና ወደ ሐና፣ ከዚያም ወደ አሪ ቀበሌዎች ሲወጣ ግን መንገድ ማለት ሌላ ነገር ነው። ቱርሚ አጠገብ ያለው ካስኬ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ነው፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ በደቂቃዎች ውስጥ መኪና ጠራርጎ የሚወስድ ጎርፍ ይሆናል። ካርታ ላይ ያለው መስመር ግን በጋ ከክረምት ያው አንድ መስመር ነው። መሻገሪያው ዘንድሮ የት እንደሆነ የሚያውቀው ትናንት የተሻገረው ነው።

ይህን ቀድመው የተረዱት፣ ደስ አይበለንም እንጂ፣ የውጭ ተጓዦች ናቸው። ከኦሞራቴ ተነስቶ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ኬንያዋ ኢሌሬት የሚወስደው መስመር ከደቡብ አፍሪካ እስከ ግብጽ በራሳቸው መኪና በሚጓዙ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ምልክት የለውም፣ ማደያ የለውም፣ አንዳንድ ቦታ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች በጋርሚናቸው የተመዘገበውን መስመር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለሌላው ያካፍሉ ነበር። ትራክስ ፎር አፍሪካ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ የተነሳው ከዚህ ልማድ ነው፤ የመንገደኞችን ጉዞ አሰባስቦ በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ የሚጫን ካርታ አድርጎ ሸጠው። የመኪና ፋብሪካዎች ገበያ የለውም ብለው የተዉትን አገር መንገደኞች በጎማቸው ሳሉት። ሥራው የሚደነቅ ነው። አንድ ነገር ግን መነገር አለበት። የእነዚያ መስመሮች መነሻ ብዙ ጊዜ አንድ የጂንካ ወይም የቱርሚ ልጅ ጋቢና ተቀምጦ "በዚህ፣ አይ በዚያ" ሲል የተሠራ ነው። መስመሩ ከተቀዳ በኋላ የሚመጣው መንገደኛ ልጁን አይፈልገውም። በቡላቶቪች ዘመን የመሪዎቹ ስም አልተጻፈም፤ በጋርሚን ዘመንም አልተጻፈም። አካባቢው ለእንግዳ አስጎብኚ ይዞ እንዲገባ፣ ማጎ ፓርክ ሲገባም ስካውት እንዲያሳፍር የሚጠይቀው ለገንዘብ ብቻ ነው ብሎ የሚያማርር ጎብኚ ይህን ታሪክ አያውቅም።

ስልክ ደግሞ ይህን ለሁለተኛ ጊዜ ገለበጠው፤ በዚህኛው ዙር ወደ ጥሩ ጎን። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም ሰው የሄደበትን መንገድ መዝግቦ የሚያስገባበት፣ ማንም በነጻ የሚወስደው ካርታ ነው። መጀመሪያ የተሠራውም በእጅ በሚያዙ ጂፒኤሶች በተመዘገቡ ጉዞዎች ነበር። ስልክ ላይ ቀድሞ ከተጫነ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል። ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠባቸው ጊዜያት፣ ለምሳሌ በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ከኔትወርክ ካርታውን የሚጠብቁ መተግበሪያዎች ዝም ሲሉ ቀድሞ የተጫነ ካርታ ያለው ስልክ ሹፌሩን ይመራ ነበር። ሳተላይቱን ማንም አላጠፋውም።

ይህ ለገዘር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የአስተዳደሩን ታሪክ መቁጠር ይበቃል። አካባቢው በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ከዚያ ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መጣ። ባኮ ገዘር ወረዳ ደቡብ አሪና ሰሜን አሪ ተብሎ ተከፈለ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ አሪም ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከፋብሪካ የተጫነ ካርታ ከእነዚህ ለውጦች የትኛውንም አይሰማም። ስም ሲቀየር መድኃኒት፣ ማዳበሪያ፣ የምርጫ ዕቃ የጫነ መኪና የተጻፈለት አድራሻ አብሮ ይቀየራል። አዲሱን ስም በማግስቱ ስልኩ ላይ የሚጽፈው እዚያው ያለ ሰው ነው።

ከታች ቆላው ላይ ደግሞ የተቀየረው ስም ሳይሆን መሬቱ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኦሞና ቱርካና ሐይቅ ሞልተው በዳሰነች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈናቅለዋል፤ የግጦሽ መሬት የነበረው ውኃ ሆነ፣ መንደር የነበረው ደሴት ሆነ። አስቸኳይ እህል ለማድረስ የሚፈለገው ካርታ ባለፈው ሳምንት የተሠራ ካርታ ነው። ቴሌኪ ውኃ አይቶ የቀባው ሰማያዊ ደርቆ ጨው ሆኗል፤ ደረቅ ተብሎ በካርታ የተተወው ደግሞ በጀልባ ይሻገሩታል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። በምትካቸው እየመጡ ካሉት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ከመሪው አጠገብ ጠረጴዛ የሚያክል ስክሪን አላቸው። ምናሌው ቻይንኛ ነው፣ ካርታው የቤጂንግና የሻንጋይ ነው፣ ቀስቷ ኢትዮጵያ ላይ ስትደርስ ባዶ ሜዳ ላይ ትቆማለች። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ሹፌር ከማንም በላይ ትክክለኛ ካርታ ይፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ጂንካ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። የስክሪኑን ቋንቋ የሚቀይሩ ባለሙያዎች በከተማው ብቅ ብለዋል። ካርታውን ግን አይቀይሩትም፤ የአየር መውጫው ላይ የስልክ መያዣ ይገጥማሉ።